የሚጠየቅ ሰው አለ

ስለ ነገሥታት የተሠራ ፊልም አትወዱም? እንግዲያው እኔና እናንተ አንስማማም። እኔ እወዳለሁ፤ ስወድም አላፍርም። ዘውዱ ከቆርቆሮ፣ ዙፋኑም ከጣውላ እንደተሠራ እያወቅሁ ነው የምወደው። «ያው ቅንጦት ለማየት ነው» የሚሉኝ አሉ። ኧረ ወዲያ! ቅንጦት ካማረኝ የሱቅ መስኮት ሞልቶ የለም እንዴ? እኔ የማየው የንግሥቲቱን አንገት ነው። ወንድሟ ሲዶልትባት፣ አማካሪዋ ሲከዳት፣ ያ ሁሉ ሹም ከኋላዋ እየተንሾካሾከ አንገቷን ሳትደፋ ከአዳራሹ ስትወጣ ሳይ ደሜ ይሞቃል።

የምጠላው ዓይነትም አለኝ። ልዑሉ ድሀዋን ልጅ መንገድ ላይ አይቶ ይወዳትና ቀሚስ ያለብሳታል፣ አረማመድ ያስተምራታል፣ በመጨረሻ «አሁን ለእኔ የምትገቢ ሆንሽ» ይላታል። ተመልካቹም ያለቅሳል። እኔ ግን እናደዳለሁ። ቀሚሱን ሳትለብስ በፊት ምን ነበረች? ድንች?

ይህን ሁሉ የማወራው ሥራዬም ስለሆነ ነው። በአንድ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ የውጭ ተከታታይ ፊልሞችን ወደ ቋንቋችን እንመልሳለን። ተዋናዮቹ በስክሪኑ ላይ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እኛ ማይክ ፊት ቆመን እንናገርላቸዋለን። እኔ የንግሥቲቱ ድምፅ ነኝ። ስለዚህ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «ግርማዊት» ነኝ። የንጉሡ ድምፅ የሆኑት ጡረተኛ አስተማሪ «ግርማዊነታቸው» ይባላሉ። እሳቸው በበኩላቸው ስለ ነገሥታት ፊልም አንድ አቤቱታ ብቻ አላቸው። «ይሄ ሰውዬ ሁለት ጦርነት አውጆ አንድ ቀን እንኳ ቁርስ ሲበላ አላየሁትም» ይላሉ።

ከመስታወቱ ወዲያ የሚቀመጠው ድምፅ ቀራጩ ደግሞ «ጸጥታ» ነው ስሙ። ቀረጻ ልንጀምር ስንል «ጸጥታ!» ብሎ ስለሚጮህ ነው። ከዚያ ውጪ ዝምተኛ ነው። ዓይኖቹ ግን ዝም አይሉም።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይዘን ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሳለ፣ «የነገሥታት ፊልም ውሸት ነው» አለ።

«የትኛው ፊልም ነው እውነት? የአንተ የሽፍታ ፊልም?» አልኩት።

«እሱ ቢያንስ ሰው ይደክመዋል፣ ይርበዋል። እነዚህ ግን ከመስተዋት ፊት ወደ መስተዋት ፊት ነው የሚሄዱት። ደግሞ ሰው በመወለዱ ብቻ ለምን ይሰገድለታል?»

«ማን ስገድ አለህ? አንተ እየው። እኔ በመወለዷ አይደለም የምወዳት። ሁሉም የሚፈልገው ነገር እጇ ላይ ሆኖ፣ ሁሉም እጁን ሲዘረጋባት እንዴት እንደምትጠብቀው ነው የምወደው። ይሄ ዘውድ ያለው ሰው ጣጣ ብቻ ነው እንዴ?»

ሻዩ በእጁ ቀዘቀዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ «ጸጥታ!» ሲል ድምፁ ለእኔ ብቻ ዝቅ የሚል ይመስለኝ ነበር። በኋላ ስጠይቀው እውነትም ለእኔ ብቻ ዝቅ ያደርገው ነበር።

አሁን ስለ እማዬ ልንገራችሁ፤ ያለ እሷ ይሄ ታሪክ አይቆምም።

እማዬ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ ጃንጥላ ሥር ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። እኔን ያሳደገችኝ እዚያው ነው። አባቴ እኔ ሳልወለድ መንገዱን መረጠ፤ እሷ መንገድ ዳሩን መረጠች። በእማዬ ጉልት አንድ ሕግ አለ። ቲማቲም ሳትጠይቁ አትነኩም። ዝም ብሎ እየጨመቀ የሚመርጥ ደንበኛ ሲመጣ አትሳደብም፣ አትጮህም። ቀና እንኳ አትልም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እጅህን ሰብስብ። የሚጠየቅ ሰው አለ» ትለዋለች። ሹፌሩም፣ ሹሙም፣ ጎረምሳውም እጁን ይሰበስባል። ለምን እንደሰበሰበ ራሱም አያውቀውም።

ታዲያ በተከታታዩ መጀመሪያ ላይ አንድ መስፍን የሞተውን ንጉሥ በትር ከዙፋኑ ላይ ሊያነሳ እጁን ይዘረጋል። ንግሥቲቱ አንድ ነገር ብላ ታስቆመዋለች። ተርጓሚው የጻፈልኝ «እጅግ የተከበረውን የአባቶቼን በትረ መንግሥት ትነካ ዘንድ ማን ፈቀደልህ» የሚል ነበር። ይሄን ብዬ ሳልጨርስ የንግሥቲቱ ከንፈር ተከድኖ አልቋል። አራት ጊዜ ሞከርን፤ አልገጥም አለ። ዳይሬክተሩ ጸጉሩን ይነጫል። በአምስተኛው ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «እጅህን ሰብስብ። የሚጠየቅ ሰው አለ።» ልክክ አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ጸጥታ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ግርማዊነታቸው ከእንግዲህ በንግሥቲቱ ትዝታ ብቻ የሚናገሩ የሞቱ ንጉሥ መሆናቸውን ረስተው አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ከተማውን ወረረ። ልጆች ኳስ ሲነጠቁ፣ አስተናጋጆች ሳህን ሲነካባቸው፣ ሁሉም «እጅህን ሰብስብ» ሆነ። ማንነታችንን ግን አንናገርም። የስቱዲዮው ደንብ ነው፤ ተከታታዩ እስኪያልቅ የድምፅ ተዋንያን አይገለጡም። «ሕዝቡ ንግሥቲቱን አውቶቡስ ላይ ስትጋፋ ካገኛት አለቀልን» ይላል ዳይሬክተሩ። በመጨረሻው ክፍል ማብቂያ ላይ ብቻ የሁላችንም ስም በድምፅ ይነበባል። የሚያነበውም ጸጥታ ነው።

እማዬ ግን ማንም ሳይነግራት አወቀች። ፊልሙን የምታየው በስልክ ጠጋኙ ቴሌቪዥን፣ ከጃንጥላዋ ሥር ሆና ነው። ያ ክፍል በተላለፈ ዕለት ማታ ቤት ስገባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ንግሥትሽ አፏ ከየት አገር ነው?» አለችኝ።

«ምነው እማ?»

«የእኔን ነገር ስትናገር ሰማኋታ!» ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን አቀፈችኝና፣ «አደራ፣ አንገቷን አታስደፊያት» አለችኝ። ምስጢሩን ጠበቀች፤ እንዴት እንዳልፈነዳች ግን እኔ አላውቅም።

ስለ ነገሥታት ፊልም የእማዬም አስተያየት አለ። «ሁሉ ነገራቸው ጥሩ ነው፤ ወንበራቸው ግን ለወገብ አይሆንም» ትላለች።

ጸጥታ «እናቴ ልታይሽ ትፈልጋለች» ሲለኝ፣ የተከታታዩ የመጨረሻ ክፍሎች እየተቀረጹ ነበር። ቤታቸው ትልቅ መሆኑን አውቃለሁ። እናቱ የባለሥልጣን ሚስት የነበሩ፣ አሁንም ሰው ቆሞ የሚያነጋግራቸው ሴትዮ መሆናቸውን አውቃለሁ። እሱ ግን ከቤቱ ወጥቶ የራሱን አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ገመድ ጠቅልሎ የሚያድር ሰው ነው። እኔም የወደድኩት ይሄንኑ ነው። ስለዚህ ያለችኝን አረንጓዴ ቀሚስ ተኩሼ ለበስኩና ምሳ ሄድኩ።

ሳሎናቸው ገና ስትገባ ጫማህን የሚያስወልቅ ዓይነት ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ያህላል። እናትየው ጉንጬን ሳሙኝ፣ ቀሚሴን በአንድ እይታ ለኩት፣ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። እውነቱን ለመናገር ደግ ናቸው። ሳህኔ ላይ የሚጨምሩልኝ እሳቸው ነበሩ። ከእኛ ሌላ የነበረው የጸጥታ አጎት ብቻ ነው፤ ሆዱን የሚወድ፣ ተጫዋች ሰው።

ወሬው ወዲያው ወደ ተከታታዩ ሄደ። ጸጥታ ደንቡን ጠብቆ ስለ ሥራዬ «እዚያው ቢሮ ነው የምትሠራው» ብሏቸው ኖሯል።

«እኔ ሌላውን ፊልም አላይም» አሉ እናትየው። «የነገሥታት ብቻ ነው የማየው። ለምን ብትይኝ፣ ትምህርት ነው። አቀማመጥ፣ አነጋገር፣ ዝምታ... ንግሥና በደም ነው እንጂ በልምምድ አይመጣም። ድምፅዋን ሰምተሻታል? ሌሎቹ ፊልሞች ላይ የሚናገሩት ሴቶች እኮ እንደ ጉልት ሴት ነው የሚጮኹት። ይቺ ግን ማንም ትሁን ማን ጨዋ ቤት ያደገች ናት። ድምፅ አይዋሽም።»

ጉሮሮዬ ላይ የነበረው ውኃ በአፍንጫዬ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ጸጥታ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያ ድረስ ደስ እያለኝ ነበር። ስንወጣ እንዴት እንደምንስቅ እያሰብኩ ነበር።

አጎትየው ፍራፍሬ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ እናትየው አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «እጅህን ሰብስብ! የሚጠየቅ ሰው አለ» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

«እንግዲህ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባላል። እናትሽ መቼ ነው ከውጭ የሚመለሱት?»

«ከየት?» አልኩ።

«ለንግዳቸው ሄደዋል ብሎኛል እኮ ልጄ። ዕቃ የሚያስመጡት፣ የሚልኩት... እሳቸው ሲመለሱ በወጉ እንጠያየቃለን።»

ጸጥታን አየሁት። እሱ ሳህኑን አየ።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ በቃል መናገር ያስቸግረኛል። ንዴት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። እማዬ ዓይኔ ላይ መጣች። ጠዋት ስወጣ ጃንጥላዋ ሥር ሆና የቀሚሴን ኮሌታ በእርጥብ እጇ ያስተካከለችልኝ እማዬ ናት፤ የምወደው ሰው ጠረጴዛ ላይ «የሉም» ተብላለች። እኔ ስናደድ ድምፄ አይወጣም፣ ይወርዳል። ከማን እንደወረስኩት ታውቃላችሁ።

«እናቴ ውጭ አገር አይደለችም» አልኩ። «ከዚህ በእግር ብትሄዱ ታገኟታላችሁ። ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ የጉልት ሴት ናት። ልጅዎ ሳያስፈቅደኝ እናቴን አሰደደብኝ። የሚጠየቅ ሰው ነበር።»

አጎትየው ማንኪያውን አፉ አጠገብ እንደያዘ ቀረ። እናትየው ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ፤ ጠፍቷል። ከዚያ ወደ እኔ።

«አንቺ ነሽ!» አሉ። «አንቺ ነሽ እኮ! ንግሥቲቱ!»

ምን እንዳደረጉ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ተነስተው አቀፉኝ። «ንግሥቲቱ ቤቴ ገብታ ሳላውቃት! ምነው ልጄ ሳትነግረኝ!» አሉ። ደስታቸው የእውነት ነበር። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉና፣ «የእናትሽን ነገር አታስቢ። ማን ይጠይቃል? የጠየቀ ዘመድ ካለም ንግሥቲቱ ናት እንለዋለን፤ ያ ይበቃዋል» አሉኝ።

እንግዲህ ያ የምጠላው ፊልም መጣ። ቀሚሱን ሊያለብሱኝ ነው።

እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ በቀስታ አወረድኩ። «እትዬ፣ ስለ ምሳው እግዜር ይስጥልኝ። ግን ንግሥቲቱ ያን ቃል የተዋሰችው ከእናቴ ነው። የቃሉን ባለቤት ደጅ አስቁመው የተዋሰችዋን አያስገቡም» አልኩና ቦርሳዬን አነሳሁ።

ጸጥታ እስከ አጥሩ በር ሮጦ ደረሰብኝ።

«ስሚኝ! ለአንቺ ብዬ ነው። እንዳይንቁሽ ብዬ...»

«ማን ናቀኝ? እናትህ ገና ሳያውቁኝ አጎረሱኝ። እናቴን የናቅህ አንተ ነህ፣ ያውም ሳታያት!»

«ቀስ ብዬ ልነግራት ነበር...»

«እማዬን ውጭ አገር ልከሃታል» አልኩት። «ስትመልሳት ጥራኝ።»

መንገዱን ስይዝ እያለቀስኩ ነበር። አንገቴን ግን አልደፋሁም።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳም። ስቱዲዮ እንገናኛለን፣ በመስታወት። «ጸጥታ!» ይላል፤ እናገራለሁ። «ድገሚው» ይላል፤ እደግመዋለሁ። ድምፁ አሁንም ለእኔ ዝቅ ይላል፤ ያ ነው የገደለኝ። ግርማዊነታቸው አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ሁለት መንግሥታት እንኳ መልእክተኛ ይላላካሉ» አሉኝ። «ጥፋቱ የሌላው ነው ግርማዊነትዎ» አልኳቸው። «እሱንማ ሁለቱም ይላሉ» ብለውኝ ሄዱ።

የመጨረሻው ክፍል ቀረጻ ደረሰ። የፈረሰኞቹ አለቃ፣ ንግሥቲቱ በስውር የምትወደው ሰው፣ ፈረሱን ጭኖ መጥቷል። «ዘውድሽን አውልቂና ተከተይኝ» ይላታል። እንዲህ ዓይነቱን ቦታ ስንት ፊልም ላይ አይቼዋለሁ! ሁልጊዜ ታወልቃለች፣ ሁልጊዜ እንዘምርላታለን። ይቺ ግን አላወለቀችም። ለዚህ ነው ከሁሉም የምወዳት። ተርጓሚው «ዘውዴ ከነፍሴ ጋር የተሰፋ ነውና መለየት አይሆንልኝም» ብሎ ጽፎልኛል። የንግሥቲቱ ከንፈር ግን ለዚህ ሁሉ ቃል ጊዜ አይሰጥም። ስክሪኑን ሳይሆን መስታወቱን አየሁ።

«ከነሸክሜ ከሆነ ና» አልኩ። «ግማሼን አልድርልህም።»

ስክሪኑ ላይ ፈረሱ ዞሮ ሄደ፤ ሙዚቃው አለቀ፤ ቀይዋ መብራት ግን አልጠፋችም። «ጸጥታ! ምን ሆነሃል፣ አቁመው እንጂ!» አለ ዳይሬክተሩ። ጸጥታ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ከዚያ ነው ያቆመው።

ከቀረጻው በኋላ ዳይሬክተሩ ስማችን እንዴት እንደሚነበብ እያንዳንዳችንን ጠየቀን። ተራዬ ሲደርስ «የእኔን ስም፣ ቀጥሎ የእናቴን» አልኩ።

«በአባት ስም ነው ደንቡ።»

«አባቴ እኔንም ንግሥቲቱንም አላሳደገም።»

«ደንብ ደንብ ነው፣ ግርማዊት። እንኳን አንቺ፣ ግርማዊነታቸውም በአባታቸው ነው የሚነበቡት።»

ሳላስበው ወደ ጸጥታ ዞርኩ። አንድ ቃል ብቻ ይበል ብዬ ለመንኩ፣ በሆዴ። ገመዱን ጠቀለለ። ሌላ ገመድ አነሳ። እሱንም ጠቀለለ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያበቃ መሰለኝ። እቤቱ እናቱ ፊት የፈራው ሲገርመኝ፣ እዚህም በገመድና በማይክ መሃል ፈራ። ወጥቼ ሄድኩ።

የመጨረሻው ክፍል በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቤት መዋል አልቻልኩም፤ እማዬ ዘንድ ሄድኩ። ጉልቱ በሙሉ ስልክ ጠጋኙ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰብስቧል። ድንች ሻጯ፣ ጫማ ሰፊው፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሟል። እማዬ በራሷ ቦታ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። «ግማሼን አልድርልህም» ስል ድንች ሻጯ «እሰይ! የእናት ልጅ!» አለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች ሳታውቅ። እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ከዚያ ሙዚቃው ዝቅ አለና የጸጥታ ድምፅ መጣ። ስሞቹን ያነባል። የንጉሡን ድምፅ፣ የመስፍኑን ድምፅ... በመጨረሻ «የንግሥቲቱ ድምፅ» አለ። ስሜን ጠራ። የአባቴን ስም ስጠብቅ የእናቴን ስም ጠራ። ቀስ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ። እዚያ ላይ አላቆመም።

«‹እጅህን ሰብስብ፤ የሚጠየቅ ሰው አለ› የሚለው ቃል የእናቷ ነው። እናቷ ውጭ አገር አይደሉም። ዋናው መንገድ ዳር፣ ሰማያዊ ጃንጥላ ሥር አትክልት ይሸጣሉ። ውጭ አገር ናቸው ብዬ የዋሸሁት ይህን የማነበው እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሰው ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሰማያዊው ጃንጥላ ዞረ። ድንች ሻጯ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ጭብጨባው ከየት እንደጀመረ አላውቅም፤ አውቶቡስ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። እማዬ የምታደርገው ጠፍቷት ሽርጧን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ ጀርባዋን አቃንታ ተቀመጠች። እንደዚያ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም ልል ነበር፤ ውሸቴን ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምትቀመጠው። ያን ቀን ሌላው ሰውም አያት፣ ያ ነው ልዩነቱ።

«ያ ልጅ ሥራውን አያሳጡትም?» አለችኝ ጭብጨባው ሳያልቅ።

«ያሳጡታል መሰለኝ» አልኩ። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል፣ ሳቄም አላቆመም።

«እንግዲያው ምሳ ሳይበላ እንዳይውል» አለች። የእማዬ ይቅርታ ይህን ያህል ነው የሚረዝመው።

በማግስቱ ጠዋት ከእሷ ጋር ሽንኩርት እየለየሁ ነበር። መኪና መንገዱ ዳር ቆመ። ከኋላ ወንበር የጸጥታ እናት ወረዱ፤ ከፊት እሱ። እናትየው ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው እኔንም ጃንጥላውንም አዩ። ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ሰው የሚናገረው ሲያጣ እጁ ሥራ ይፈልጋል። የእሳቸውም እጅ ቲማቲሞቹ ላይ ወረደችና አንዷን ጨመቅ አደረገቻት።

እማዬ ጎንበስ ብላ የሳጥን ገመድ እየፈታች ነበር። ቀና አላለችም።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሚጠየቅ ሰው አለ።»

እሳት እንደነካቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ያን ሁሉ ሳምንት ሳሎናቸውን ጸጥ አሰኝተው ያዳመጡት ድምፅ መሬት ላይ፣ ከሽንኩርት ክምር አጠገብ ነበር። ሲገባቸው አየሁ። ዓይናቸው ሞላ። ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ሮጠው መኪናቸው ውስጥ ይገቡ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሟል። አልገቡም።

«ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ። እማዬን «እርስዎ» አሏት። «ስለ ልጅዎ። ግን... መጀመሪያ እርስዎን ይቅርታ ልጠይቅ። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ብዬ የተናገርኩ እኔ ነኝ፤ ሳላይ የፈረድኩም እኔ ነኝ።»

እማዬ ያን ጊዜ ቀና አለች። መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን፣ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሁለተኛውን ሳጥን ገለበጠች፣ በሽርጧ ጠረገችውና፣ «ይቀመጡ» አለቻቸው። «ለወገብ አይመችም፤ ግን ዙፋኑም አይመችም ይባላል።»

ሴትዮዋ ያን ውድ ቀሚስ ሰብስበው ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር። ድንች ሻጯ ድንቿን መሸጥ ትታለች።

«የጠየቁኝን ሰምቻለሁ» አለች እማዬ። «ግን ልጅ ቲማቲም አይደለም፣ እኔ አልመርጥላትም። የምትጠየቀው እሷ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለንግሥቲቱ ስንት ቃል ያቀበልኩ ሰው፣ ለራሴ አንድ ቃል አጣሁ። ጸጥታ በሽንኩርቶቹ መሃል እየተጠነቀቀ አልፎ መጣ። ፊቴ ደርሶ እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካኝ አቆመው።

«እናትሽን መልሻለሁ» አለኝ። ማይክ የለም፣ መስታወት የለም፤ ድምፁ ግን አሁንም ለእኔ ብቻ ዝቅ ያለ ነው። «ከነሸክምሽ ነው የመጣሁት። እጄን ልሰብስብ?»

እማዬን አየኋት። አገጯ ቀና ብሏል፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። እኔም አገጬን ቀና አደረግሁ።

«አትሰብስብ» አልኩት።